ዋሱ ማነው?

ፍሪጃችን ሞተ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በወጥ ቤታችን ጥግ ቆሞ ሲያጉረመርም የኖረ ዕቃ አንድ ሌሊት ዝም አለ። ዝምታው ነው የቀሰቀሰኝ ብል ማን ያምነኛል? በማግስቱ የሰፈራችን ጠጋኝ መጣ፤ ጀርባውን ፈታ፤ እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጎ፣ ሐኪም ለቤተ ዘመድ በሚናገርበት ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ሞተሩ ሄዷል። ልሥራው ካልኩ እሠራዋለሁ፤ ግን ገንዘብዎን አያጥፉ» አለኝ። ሊያገኘው ይችል የነበረውን ገንዘብ በገዛ አንደበቱ ሲያስቀር ቆሜ አየሁት። ይህን ሰው ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

በሌላው ቤት ፍሪጅ ሲበላሽ የሚበላሸው ወጥ ነው። በእኛ ቤት ግን የአማቴ ኢንሱሊን አለ። አማቴ ሰማንያን የተሻገሩ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ መድኃኒቱ በተገኘ ጊዜ ሁለት ሦስት ብልቃጥ ቀደም ብለን ገዝተን እናስቀምጣለን። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከሠራም ይበላሻል፣ ከሞቀም ይበላሻል። እናም የዚያን ዕለት ማለዳ ባለቤቴ ብልቃጦቹን በፎጣ ጠቅልላ ወደ ጎረቤት ሮጠች። ጎረቤታችን የራሳቸውን ሥጋ ወደ ጥግ ገፍተው ቦታ ሰጡን። አራት ቀን ሙሉ በራቸውን ስናንኳኳ ከረምን፤ አንድም ቀን ፊታቸው አልጠቆረም።

በአምስተኛው ቀን ፍሪጅ ልንገዛ ወጣን። የገዛንበትን ቤት ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ሱቅ ነገር አይደለምና። ዋጋው 68 ሺህ ብር ነው አሉን። ተከራከርን፤ አልቀነሱም፤ ከፈልን። ልንወጣ ስንል ሻጯ ልጅ ደረሰኙን እያቀበለችኝ፣

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ቀርቷል» አለች።

የቀረው ነገር «የተራዘመ ዋስትና» የሚባል ኖሯል። ፋብሪካው የአንድ ዓመት ዋስትና ይሰጣል፤ 8 ሺህ 500 ብር ብንጨምር ደግሞ ተጨማሪ ሁለት ዓመት ይራዘምልናል።

«አሁን የሸጥሽልኝ ፍሪጅ ጥሩ ነው አላልሽኝም እንዴ?» አልኳት።

«በጣም ጥሩ ነው ጋሼ!»

«ታዲያ ለምን ይበላሻል?»

«አይበላሽም። ድንገት ከተበላሸ ብዬ ነው እንጂ።»

እዚህ ላይ ሚስቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። የሚስቴ ክርን ሁለት ትርጉም አለው፤ «ልጅቷን አታስጨንቃት» እና «እንግዛው»። የትኛው እንደሆነ ሳይገባኝ ወረቀቱን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። ለመወሰን ሰባት ቀን አለን ተባልን።

ማታ መነጽሬን አድርጌ ወረቀቱን አነበብኩ። መቼም ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ክፉ ልማድ አለበት፤ የተጻፈ ነገር ካየ አይምርም። ልብ ወለድ ቢሆን፣ የዕድር ማስታወቂያ ቢሆን፣ የዋስትና ወረቀት ቢሆን ያው ነው።

የወረቀቱ ፊት ላይ በትላልቅ ፊደላት «ሙሉ ዋስትና! ያለ ሐሳብ ይኑሩ!» ይላል። ከሥሩ አንድ ቤተሰብ በሩ የተከፈተ ፍሪጅ ከቦ እየሳቀ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። (በእኛ ቤት የተከፈተ ፍሪጅ ፊት የሚስቅ ሰው የለም። «ዝጋው!» ነው የሚባለው።) ጀርባው ላይ ደግሞ የጉንዳን ሠራዊት የመሰሉ ሃያ ሁለት ተራ ቁጥሮች አሉ።

ክፍል ውስጥ ሳለሁ ተማሪዎቼን የማስጨንቃቸው በአንድ ጥያቄ ነበር፤ «የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ማነው?» በአማርኛችን ሰዋስው ድርጊቱን የሚፈጽመው ቃል «ባለቤት» መባሉ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ቤቱ ያለባለቤት ከቆመ አንድ የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው። ይህንኑ ጥያቄ ለወረቀቱ አቀረብኩለት።

ተስፋ የሚሰጡት ዓረፍተ ነገሮች እንዲህ ይላሉ፦ «ብልሽቱ ታይቶ ጥገና ይደረግለታል።» «እንደ አስፈላጊነቱ ይለወጣል።» «በ21 የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ ይሰጣል።» ማን ያያል? ማን ይጠግናል? አስፈላጊ መሆኑንስ የሚያውቀው ማነው? ባለቤት የለም። ሥራው በራሱ ይሠራል፣ ምላሹም በራሱ ይሰጣል። ግዴታ ሲመጣ ግን ባለቤቱ ወዲያው ከተፍ ይላል፦ «ደንበኛው ዋናውን ደረሰኝ ማቅረብ አለበት።» «ደንበኛው ዕቃውን በራሱ ማጓጓዣ ያደርሳል።» «ደንበኛው የዕቃውን ካርቶን በንጽሕና መያዝ ይጠበቅበታል።» በሃያ ሁለቱ ተራ ቁጥሮች ውስጥ «ደንበኛው» ዘጠኝ ጊዜ ሲጠራ «ድርጅቱ» የዓረፍተ ነገር ባለቤት ሆኖ የመጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ «ድርጅቱ ተጠያቂ አይሆንም» ሲል ነው። ሌላው «ድርጅቱ ይህን ውል የማሻሻል መብቱ የተጠበቀ ነው» ሲል ነው።

ሰምና ወርቅ ነው ልል ዳዳኝና ተውኩት። በየግጥሙ ሰምና ወርቅ እየፈለፈሉ ያስቸገሩኝን ተማሪዎች ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ! ደግሞም እዚህ ቅኔ የለም። ሁሉም ነገር በግልጽ ተጽፏል፤ ግልጽ ያልሆነው የፊደሉ መጠን ብቻ ነው።

ከዚያ ዋስትናው የማይመለከታቸው ነገሮች ተዘርዝረዋል። ላስቲክ አይመለከትም። አምፖል፣ መስታወት፣ ፕላስቲክ አይመለከትም። ጋዝ መሙላት አይመለከትም። አይጥ የቆረጠው ሽቦ አይመለከትም። «በኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ወይም መቆራረጥ የደረሰ ጉዳት» አይመለከትም። እንዴ! አዲስ አበባ ውስጥ ፍሪጅ በምን ሊሞት ነው የታሰበው? በእርጅና ነው? በናፍቆት ነው? የእኛው ፍሪጅ በምን እንደሞተ ጠጋኙ ነግሮኛል። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣ በሞተሩ ውስጥ የታመቀው ጋዝ ገና አልረገበም፤ ሞተሩ ያን ጫና ተሸክሞ ልነሣ ሲል ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ይግላል። አንድ ቀን ቢያመልጥ፣ አሥር ቀን ቢያመልጥ፣ አንዱ ቀን የእሱ ይሆናል። መድኃኒቱ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚያቀብል፣ ከፍና ዝቅ የሚለውን ኃይልም የሚቆርጥ መከላከያ ነው። ዋጋው ከተራዘመው ዋስትና ግማሽ አይሞላም።

አሜሪካኖች በ1975 እ.ኤ.አ. ማግነሰን ሞስ የሚባል የዋስትና ሕግ አውጥተዋል። ሕጉ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ዋስትናው ማንም በቀላሉ በሚረዳው ቋንቋ እንዲጻፍ ነው። ሌላው ደግሞ «ሙሉ» እና «ውሱን» የሚሉት ቃላት እንደ ጌጥ እንዳይለጠፉ ነው፤ «ሙሉ» ያለ ሰው ሙሉ የሚያሰኙትን ግዴታዎች ይሸከማል። አንድ ምክር ቤት ተሰብስቦ ስለ ስድ ንባብ ጥራት ሕግ ማውጣቱ እንደ እኔ ላለ ሰው እንዴት ያለ መጽናኛ ነው! የኛ ወረቀት በዚያ ሕግ ቢዳኝ ገና በመጀመሪያው ቃል ይወድቅ ነበር።

ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ለሚስቴ ሳነብ አማቴ ከመደባቸው ሆነው ያዳምጡ ኖሯል።

«ፍሪጁ ዋስ አለው አልክ?» አሉኝ።

«አዎ እማዬ፣ የአንድ ዓመት። ጨምሩና ሦስት ዓመት ይሁን ነው የሚሉን።»

«ዋሱ ማነው?»

«ድርጅቱ ነው።»

«እሱማ ሻጩ ነው። ሻጭ ለራሱ ዋስ ይሆናል እንዴ? ዋሱን ነው የጠየቅኩህ።»

ዝም አልኩ። አማቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን የቃሉ ባለቤት እሳቸው ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። እሳቸው የሚያውቁት ዋስ ስም አለው፣ አባት አለው፣ ደጅ አለው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ሲሄዱ፣ ባለዕዳና ገንዘብ ጠያቂ ቁራኛ ሆነው አንድ ላይ ሲታሰሩ፣ ቋጠሮውን የሚያስፈታው ዋስ ነበር። ጋብቻ በዋስ ይጸና ነበር። ዛሬም ቢሆን ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ተያዥ አምጣ ይባላል። እኔ ራሴ አንድ የዘመድ ልጅ ገንዘብ ቤት ሲቀጠር ተያዥ ሆኜለት ሁለት ዓመት እንቅልፌን አጥቻለሁ፤ ልጁ ምንም አላጎደለም፣ እኔ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ዋስ ማለት በሌላው ጉዳይ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው። «ያለ ሐሳብ ይኑሩ» የሚለው ወረቀት በእኔ ፍሪጅ ምክንያት እንቅልፍ የሚያጣ አንድ ሰው እንኳ አያሳየኝም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የሰውን ዋስ እንዲሁ በዋዛ አይቀበልም። በቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ ካልተነገረ አለ ተብሎ አይገመትም፤ ዋሱ ተጠያቂ የሚሆንበትም የገንዘብ ልክ ካልተጻፈ አይጸናም። በአንጻሩ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ያለበት መድን በዚያው ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ተቀምጧል። ይህኛው ዋጋ አይከፈልበትም፤ ዕቃው ጉድለት እንዳይኖርበት ሻጩ ግዴታ አለበት፣ ገዢም ቶሎ መርምሮ ያየውን ጉድለት ማስታወቅ አለበት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ የማለት መብት ሰጥቶታል። ሻጯ ልጅ ስለነዚህ አንዱንም አልነገረችኝም። ነግሯት የሚያውቅ ሰውም ያለ አይመስለኝም። በነጻ ያለንን ሳናውቅ በገንዘብ የሚሸጠውን እንጠየቃለን።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ሒሳብ የእኔ ሙያ አይደለም፤ ይህኛውን ግን የሥነ ጽሑፍ መምህርም ይሠራዋል። 8 ሺህ 500 ብር ከፍሪጁ ዋጋ ከስምንት አንድ እጅ ነው። አንድ ከባድ ጥገና 17 ሺህ ብር ይፈጃል እንበል። ክፍያዬ ከማገኘው ጥቅም ጋር እኩል እንዲመዝን፣ እንዲህ ካለው ፍሪጅ ከሁለት አንዱ በእነዚያ በሁለት ዓመታት ውስጥ መበላሸት አለበት። ከሁለት አንዱ የሚበላሽ ከሆነ ደግሞ መተው ያለብኝ ዋስትናውን ሳይሆን ፍሪጁን ነው! ያውም የዚህ ዓይነት ዕቃ ጠባይ ይታወቃል። የፋብሪካ ጉድለት ያለበት ቶሎ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይገለጣል፤ እሱን የነጻው ዓመት ይይዘዋል። የቀረው እስኪያረጅ ይኖራል። የሚሸጥልን እንግዲህ መካከለኛው፣ ጸጥተኛው ጊዜ ነው፤ የጎልማሳነት ዋስትና።

ኮንሱመር ሪፖርትስ የሚባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት ይህን ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ አትግዙ እያለ ሲመክር ኖሯል። ብሪታንያ ውስጥም የውድድር ኮሚሽኑ በ2003 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን መርምሮ ገበያው ለሸማቹ እንደማይበጅ ስላገኘ፣ ከ2005 ጀምሮ ሱቆች የዋስትናውን ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ጎን እንዲለጥፉ፣ የገዛም ሰው በ45 ቀን ውስጥ መሰረዝ እንዲችል ተደንግጓል። ከዕቃው ጎን መለጠፉ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። እኔ 68 ሺህ ብር ቆጥሬ ከሰጠሁ በኋላ 8 ሺህ 500 ብር ምን ትመስለኛለች? መልስ ትመስለኛለች።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ የሆነው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1970 ስለ ሎሚ ገበያ ጽፏል። በእኛ አገር ሎሚ ለጥምቀት በቆንጆ ደረት ላይ የሚወረወር ነው፤ በእነሱ ግን ብልሽት የማይለቀው መኪና ነው። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ገበያው ይበላሻል፤ ይህን ከሚያክሙት ነገሮች አንዱ ዋስትና ነው ይላል ሰውዬው። እውነት ነው። ፋብሪካው ከኪሱ «ቢበላሽ እኔ አለሁ» ሲል ስለ ዕቃው አንድ ነገር እየነገረኝ ነው። ያንኑ ቃል እኔ ከፍዬ ስገዛው ግን ስለ ዕቃው ምን ነገረኝ? ምንም። ስለ እኔ ፍርሃት ነው የነገረኝ።

እዚህ ደርሼ ወረቀቱን ልቀድደው ስል ሚስቴ አስቆመችኝ።

«አንተ የፈረንጅ ምክር ነው የምታነብልኝ» አለች። «እነሱ አገር የከርሞ ሞተር ዋጋው የዘንድሮው ነው። እኛ አገር ነው ወይ?»

ሰው ሁሌም በሚስቱ አይረታም፤ ዛሬ ግን ተረታሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ሻጭ ዋጋ ሲጠየቅ መጀመሪያ ስልኩን ነው የሚያየው። ዕቃው በዶላር የሚመጣ ከሆነ፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የሚደረገውን ጥገና ዛሬ በዛሬው ብር ከፍሎ ማደር ሞኝነት አይደለም፤ ጤፍ በመኸር ገዝቶ እንደማስቀመጥ ነው። የመጽሔቶቹ መካሪዎች ይህን አላሰቡትም፤ ማሰብም አልነበረባቸውም። ለግማሽ ሰዓት ያህል ሐሳቤን ለወጥኩ። እውነቴን ነው፣ ገንዘቡን ከየት እንደምናመጣው ሁሉ መነጋገር ጀምረን ነበር። ከዚያ ተራ ቁጥር 17ን አገኘሁት፦ «በመለዋወጫ ዋጋ ላይ የሚከሰት ልዩነት በደንበኛው ይሸፈናል።» ደግሞ ባለቤት የሌለው «የሚከሰት»! ልዩነቱ እንደ ዝናብ በራሱ ይከሰታል፤ የሚረጥበው ደንበኛው ነው።

ሚስቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ራሷ አነበበችው። ከዚያ ያለችውን አልረሳውም። «እኔ የፈራሁት ለብሩ አይደለም። ያን ቀን ጠዋት ብልቃጡን ይዤ ስሮጥ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለተኛ እንደዚያ እንዳልሆን ነው።»

ይህን ፍርሃት በሒሳብ ማጣጣል ነውር ነው። ነገር ግን ወረቀቱ ለዚህ ፍርሃት ምን አለው? 21 የሥራ ቀናት። ቅዳሜና እሑድ፣ በዓል ሲጨመርበት አንድ ወር ማለት ነው። የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ እንደነገረችን የተከፈተውና በሥራ ላይ ያለው ብልቃጥ ሙቀት ባልበዛበት ክፍል አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ያልተከፈቱት ግን ፍሪጅ ይፈልጋሉ። በእነዚያ 21 የሥራ ቀናት ያልተከፈቱት የሚያድሩት የት ነው? ጎረቤት ቤት። ዋስትና ገዛንም አልገዛንም ሚስቴ ያንኑ በር ልታንኳኳ ነው። እኒያ ሴትዮ ወረቀት አልፈረሙም፤ የሥራ ቀናትም አልቆጠሩብንም።

ጠጋኙንም ደውዬ ጠየቅኩት፤ በኋላ እመለስበታለሁ ያልኳችሁን ሰው። «መከላከያውን ይግዙ ጋሼ። ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ያድርጉት፣ ጀርባው ይተንፍስ። የቀረውን እኔ አለሁ» አለኝ። «እኔ አለሁ»፤ ባለቤት ያለው አጭር ዓረፍተ ነገር። ይህን ስል ጠጋኝ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ አንድ ጊዜ ቴሌቪዥኔን ወስዶ እስካሁን ያልመለሰልኝ አለ።

በሰባተኛው ቀን ወደ ማታ ልጅቷ ራሷ ደወለች። «ጋሼ፣ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ስለሆነ ላስታውስዎት ብዬ ነው።» ድምፅዋ ደክሟል። እንደማንገዛ ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኳት፤ «ልጄ፣ አንቺ ከዚህ ምን ታገኛለሽ?» ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ከፍሪጁ ሽያጭ ምንም እንደማይደርሳት፣ ኮሚሽኑ ከዋስትናው ብቻ እንደሆነ፣ ለዚህ ወር ከተሰጣት ቁጥር ደግሞ ሁለት እንደሚጎድላት ነገረችኝ። ለመሆኑ ቤትሽ ፍሪጅ አለሽ ወይ አልኳት። ሳቀች። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት፤ የላቸውም።

ከወረቀቱ ጋር ስጣላ የሰነበትኩት ሰውዬ እዚህ ላይ አፌ ተያዘ። 8 ሺህ 500 ብር ለወረቀቱ አልከፍልም፤ ለልጅቷስ? ለልጅቷም ቢሆን ከዚያ ብር የሚደርሳት ስንት ሆኖ! ቢሆንም «አልገዛም» ማለት ወረቀቱን እንደ መተቸት አልቀለለኝም።

«አልገዛም ልጄ፣ ይቅርታ» አልኳት።

«ምንም አይደል ጋሼ። ለማንኛውም የአንድ ዓመቱ ስላለዎት ካርቶኑን እንዳይጥሉት።»

አልጣልነውም። አማቴ በረንዳ ላይ አንጥፈው በርበሬ አስጥተውበታል።